ቤቱን ማስቆም ያቃተኝ ቀን

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን ፋታ ነስተውኛል። «አያቴ፣ ያ ቤት የሄደበትን ቀን ንገሪን» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ያንኑ ንገሪን ይላሉ። በመጨረሻ ትልቋ ደብተርና እስክሪብቶ ገዝታ መጣችና፣ «በቃ ጻፊው። ስታወሪው በየጊዜው ትለዋውጪዋለሽ፤ ባለፈው ሃያ ሰው ተሸከመው አልሽ፣ ዛሬ ሠላሳ አደረግሽው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወሬ አፍ ላይ ሲቆይ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። እንግዲህ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም እጽፋለሁ። እናንተም የማታውቁኝ ሰዎች ይህ ወረቀት እጃችሁ ከገባ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ባሌ ሞቶ፣ ልጆቼም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘው፣ እኔ ሲቀላ በምትባለው የቆላ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እኖር ነበር ማለት እንኳ አይቻልም፤ አድር ነበር። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ገዝቼ ወደ ጨንቻ አወጣለሁ፣ ከጨንቻ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይዤ እወርዳለሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቆላው ሲያቃጥለኝ የደጋው ጉም ይናፍቀኛል፤ ደጋው ሲቆነጥጠኝ ደግሞ ሐይቁ ይጠራኛል። ፊደል የሚባል ነገር አልቆጠርኩም። የመኪናውን ታርጋ እንኳ የማውቀው በጭረቱ ነበር።

በዚያው ግቢ ምሕረት የምትባል ልጅ ተከራይታ ነበር። የምዕራብ ዓባያ ልጅ ናት፤ አባቷ ሙዝ ያለማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ አባቷ ያለ የሌለውን ሰብስቦ ሲቀላ በተከፈተች አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አስገብቷታል። ማሠልጠኛዋ ዛሬ የለችም። ሁለት ማሽን ነበራት፤ ሠልጣኞቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ሴት እሷ ብቻ። ማሽኑን ለመንካት ተራ ስለማይደርሳት በቀን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለማሽኑ የሚሰጠውን ትእዛዝ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔ ሙዝ ስደረድር እሷ መስመር ትደረድራለች። አንዳንዴ ቀና ትልና ሰማዩን ታያለች። ምን እንደምትፈልግ አላውቅም፣ ግን እኔም አብሬ ቀና እላለሁ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ስመለስ ሻንጣዋን በገመድ ስታስር አገኘኋት።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«አገሬ።»

«ሰኞ ፈተና አለኝ ስትዪ አልነበር?»

«አለኝ። አልቀመጥም፣ እትዬ አመነች።»

ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ፤ ካልተቀመጥኩበት ይዛው ትሄዳለች። ቀስ በቀስ አወጣችው። ጠዋት ተራዋ ደርሶ ማሽኑ ላይ የጻፈችውን አስገባች። ከአንድ እስከ አሥር ቁጠር ብላው ነው። ቆጠረ። አሥር ሲደርስ ግን አላቆመም። መቶ አለ፣ ሺህ አለ፤ ቁጥሩ መስተዋቱ ላይ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። ብትጫን ብትነካካ እምቢ አለ። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ሳቁ።

«አንዱ ‘የሙዝ ነጋዴዋ፣ ስንት ዘለላ ደረሰልሽ?’ አለኝ። አስተማሪው መጥቶ ከሶኬቱ ነቀለው። ከዚያ፣ ‘ይህ ነገር ላንቺ አይሆንም፤ ታይፕ ብትማሪ ይሻልሻል’ አለኝ። በክፉ አይደለም ያለኝ፤ አዝኖልኝ ነው። እሱ ነው ያቃጠለኝ።»

እኔ ምን ልበላት? አልዋሻችሁም፤ በልቤ ‘አስተማሪው ያውቃል’ ብያለሁ። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

«ነገ ወንድሜ ቤት ያዛውራል። ቤት ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤት አይሄድም።»

«የእኛ ይሄዳል። ነይ እይና እሑድ መናኸሪያው ላይ አወርድሻለሁ፤ ከዚያ ወደፈለግሽው ትሳፈሪያለሽ።»

ሻንጣዋን እንደያዘች ተከተለችኝ።

ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠርና ጭቃ ነበር። የጭነት መኪናው ጀርባ በሙዝ ዘለላ መሐል ተቀምጠን ወጣን። ከግማሽ መንገድ ወደ ታች ስታዩ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ አንዱ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፣ አንዱ ሰማይ። ከዚያ ጉሙ መጣና ሁሉንም ወሰደው። መጀመሪያ ሐይቆቹን፣ ቀጥሎ ገደሉን፣ ቀጥሎ የመኪናውን ጎማ። ሞተሩ ባይጮህ የምንሄድ አይመስልም ነበር። ምሕረት ነጠላዬን ግማሹን ለብሳ፣ «እትዬ፣ ወዴት እንደምንሄድ ሾፌሩ ያያል?» አለችኝ። «አያይም፤ ያውቀዋል» አልኳት።

ወንድሜ ዘለቀ ዶርዜ ነው የሚኖረው። የዚያን አገር ቤት ያላየ ካለ ልንገረው። ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይሸመናል፣ ከላይ የእንሰትና የቀርከሃ ቅጠል ይለብሳል፤ ፊት ለፊቱ አፍንጫ አውጥቶ የዝሆን ራስ ይመስላል። አዲስ ሲሆን ከዛፍ ይረዝማል። ምስጥ ግን ከሥሩ ይበላዋል። የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ በየጊዜው ያጥራል፤ እንደ ሰው ነው፣ ሲያረጅ ያንሳል። ቦታው ምስጥ ሲበዛበት ወንዶች ውስጥ ይገባሉ፣ አግድም የታሰረውን እንጨት ይይዛሉ፣ ቤቱን ብድግ አድርገው ወደ አዲስ ቦታ ይወስዱታል። ተሸካሚዎቹ ምንም አያዩም። ውጭ አንድ ጠሪ ይቆማል፤ በእሱ ድምፅ ይሄዳሉ።

ጠሪው ሁልጊዜ ዘለቀ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ከታች መንደር የሚጠበቅ አንድ ተሸካሚ ቀረ። ዘለቀ ጋቢውን አውልቆ ለሚስቱ ሰጠና ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ እገባለሁ። አንቺ ጥሪ።»

«እኔ? ሴት ጠርታ ታውቃለች?»

«ሲቀላ ‘ሙዝ’ ስትዪ እዚህ እኔ ዘንድ ይሰማል» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። «ደግሞ ቀላል ነው። ግድግዳው ቃሉን ይውጠዋል፤ ውስጥ ሆነን ምን እንዳልሽ አይለይልንም። ድምፅሽ በተሰማን ቁጥር አንድ እርምጃ እንሄዳለን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

አዲሱ ቦታ ከአሮጌው ሠላሳ እርምጃ ያህል ይርቃል። ምልክት እንዲሆን ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል። ከድንጋዩ ወዲያ የዘለቀ ሚስት የባዩሽ እንሰት ነው።

ጠራሁ። «ሆ» አልኩ። ቤቱ ብድግ አለ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጉሙ መሬት ለመሬት ይሳባል። ከቤቱ ሥር የሃያ ሰው እግር ይታያል፣ ሰው ግን አይታይም። «ሆ» ስል እግሮቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ይነሳሉ፣ አንድ ጊዜ ያርፋሉ። ያ የተወለድኩበት ቤት፣ እናቴ የሞተችበት ቤት፣ እንደ ትልቅ የዋህ እንስሳ ወደ እኔ ይመጣል። በሕይወቴ ያን ያህል ወንድ በአንድ ቃሌ ተነቃንቆልኝ አያውቅም። ወደ ኋላ እየሄድኩ ጠራሁ። ደስታው ዓይኔን ጋረደው። ግጥም ሁሉ ጨመርኩበት መሰለኝ።

ነጩ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ማለፉን ያየሁት ካለፈ በኋላ ነው።

«ቁሙ» አልኩ። አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ቁሙ እኮ ነው የምላችሁ፣ አለፋችሁት!» ሦስት እርምጃ ሄዱ።

በዘለቀ ስም ጠራሁ፣ በእግዚአብሔር ስም ለመንኩ፤ በለመንኩ ቁጥር ቤቱ ይሮጣል። የመጀመሪያው እንሰት ተሰበረ። ሁለተኛው ተሰበረ። ባዩሽ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ትጮኻለች፤ እነሱ እሱንም ቆጠሩት። ሦስተኛው እንሰት ላይ የቤቱ አፍንጫ ተደግፎ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ እኔ ደግሞ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ።

ከኋላዬ ቀዝቃዛ እጅ መጥቶ አፌን ያዘኝ። በሌላው እጇ ባዩሽን ወደ ራሷ ጎትታ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ምሕረት ናት።

«ዝም በይ እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «ዝም ብቻ።»

ዝም ሆነ። ቤቱ ቆመ። ቀስ ብሎ እንሰቱ መሐል ቁጭ አለ።

ወንዶቹ በበሩ አንድ በአንድ ወጡ። ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «ዘለቀ፣ ቤትህ ምሳውን ሊበላ ገብቷል» አለ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት ተቀምጬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። ሦስት እንሰት ማለት ለዓመታት የተጠበቀ የቤት ሰው ምግብ ነው፤ ያን የማያውቅ አይስቅብኝ። የእናቴ ቤት አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። ‘ሴት አትጠራም የሚባለው ለዚህ ነው’ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

ዘለቀ መጣና ጎኔ ቁጢጥ አለ።

«ማን አስቆመው?» አለ።

«እኔ» አለች ምሕረት፣ ከእኔ የባሰ ደንግጣ። «በድምፅ ቁጥር ነው የምትሄዱት። ቁሙ ስትላችሁም ድምፅ ነው። ስለዚህ... ድምፁን ማጥፋት ነበረብን።»

ዘለቀ ወደ ነጩ ድንጋይ ዞሮ አየ። «ልክ ነው» አለ። «እኔ ስጠራ ድንጋዩ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ይህን ያህል ዓመት ዝም ስል ለሰው መነገር ያለበት ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።» ከዚያ ነጠላዬን ከፊቴ ገለጠ። «ተነሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መሄጃውን ነግሬሽ ማቆሚያውን አልነገርኩሽም። ደግሞ ቤቱ ሄደ እኮ። ትልቁ ነገር መሄዱ ነው። ማስቆም የቀረ ነገር ነው፣ ይለመዳል። ከምሳ በኋላ አንቺው ትመልሽዋለሽ።»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ሌላ ሰው ማቆም አለመቻሉን ገና አላየም። አንቺ አይተሻል።»

ምሳ ቀርቦ፣ ወንዶቹ ቆጮውን በዳጣ እያጠቀሱ የቤቱን ሩጫ ሲያወሩ፣ ምሕረት አልበላችም። ከሻንጣዋ ደብተር አውጥታ የተሰበረው እንሰት ላይ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የእኔም እንዲሁ ነው» አለችኝ። «ማሽኑ ውስጥ አስተዋይ የለም። አሥር ላይ ቁም የሚለውን ጽፌዋለሁ፤ የጻፍኩት ግን እሱ የማይደርስበት ቦታ ነው። ቁጠርና ተመለስ፣ ቁጠርና ተመለስ ይላል፤ ቁም የሚለው ከታች ተቀምጧል።»

«ግድግዳው ውጦታል በይኛ።»

ሳቀች። ከዓርብ ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። «አሁን ለአንቺ እንጻፍ» አለች።

እሷ እየጠየቀችኝ፣ እኔ እየመለስኩ፣ በመስመር በመስመር ጻፈች። አንድ፣ ድንጋዩን እዪ። ሁለት፣ ቤቱ ድንጋዩ ጋ ከደረሰ ዝም በዪ፤ አለቀ። ሦስት፣ ካልደረሰ አንድ ጊዜ ጥሪ። አራት፣ ወደ አንድ ተመለሺ። ስታነብልኝ ገረመኝ፤ ምን ያህል ትንሽ ነገር ናት። ደጋግማ አነበበችልኝ። በሦስተኛው አንድ ነገር ጎደለኝ።

«ሰዎቹስ?» አልኳት።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ተሸካሚዎቹ። እንሰቱ ውስጥ ጭቃ ነው፣ ይደክማቸዋል። ድንጋዩ ጋ ሳይደርሱ ማረፍ ቢፈልጉስ? ያንቺ መስመር አያሳርፋቸውም።»

እስክሪብቶዋን ከአፏ አወጣች። አየችኝ። እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም።

«ይህን አላሰብኩም ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። እንዴት ይሁን?»

«እርምጃ እቆጥራለሁ። አምስት ሲሞላ ዝም እላለሁ፣ ያሳርፋሉ። ከዚያ ቁጥሩን ከአንድ እጀምራለሁ።»

ጻፈችው። የእኔን ቃል ወረቀት ላይ ስታስቀምጥ ጣቷን ተከትዬ አየሁ። ምን እንደሚል ማንበብ አልችልም፤ የእኔ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ደረቴ ውስጥ አንድ በር የተከፈተ መሰለኝ፤ የት እንደሚያስገባ አላውቅም፣ ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል።

ከሰዓት ቤቱን መለስነው። ምሕረት ደብተሩን ይዛ ጎን ለጎን ትሄዳለች፤ እኔ ድንጋዩን አያለሁ፣ እጠራለሁ፣ አያለሁ፣ እጠራለሁ። አምስት ሲሞላ ዝም። ውስጥ ሆነው ሲተነፍሱ ይሰማል። እንደገና። ድንጋዩ ከቤቱ አፍንጫ ሥር ሲገባ ከንፈሬን ነከስኩ። ቤቱ ተቀመጠ። ጉሙ ትንሽ ከፈት አለና የከሰዓቱ ፀሐይ በተሰነጠቀው ጎን ገብታ ወንዶቹን አሳየችን፤ እንደ ቅርጫት ውስጥ ጫጩት ተሰብስበው ቆመዋል። ለካ ዝምታም ይጠራል አልኩ በልቤ።

እሑድ ወረድን። ሲቀላ መናኸሪያ ስንደርስ የምዕራብ ዓባያ መኪና ሞልቶ አንድ ሰው ይጠብቃል። ረዳቱ የምሕረትን ሻንጣ አይቶ፣ «እህት፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው፣ ግቢ» አለ። ቆመች። ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

ሂጂም ቅሪም ማለት ፈራሁ። ፈተና ምን እንደሆነ የማላውቅ ሰው ተፈተኚ ብዬ ብትወድቅስ? ወንድሜ ያለኝን ግን አውቃለሁ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት። «ያ ሣጥን ግን ቆጥሮልሻል እኮ። ስምንት ወንድ ፊት፣ አንቺ ቁጠር ስላልሽው ቆጥሯል። ማስቆሙ ነው የቀረሽ።»

ረዳቱ፣ «እህት፣ እየመሸ ነው» አለ። ሻንጣዋን ከመሬት አነሳች። መኪናውን አልፋ፣ ወደ ግቢያችን በሚወስደው መንገድ ሄደች። እኔ ድንቼን ማውረድ እስክረሳ ቆሜ አየኋት።

ሰኞ ማታ ሁለት ዳቦ ይዛ ደጃፌ መጣች። «እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት። «ቆመልኝ እትዬ፤ አሥር ላይ ቀጥ አለ» አለች። ዳቦውን በላን። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ጨምራ ተቀመጠች፤ ከፍ ወዳለው ትምህርት ተሸጋግራ ነው ብዬ ለግቢው ሁሉ አወራሁ። በነዚያ ስድስት ወራት፣ ከገበያ ስመለስ፣ ያችን የቤት ደብተር ይዛ ፊደል አስቆጠረችኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት ‘ዝም በዪ’ የሚለውን ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠሽ ብትሉኝ፣ እግሬን አልለወጠውም፤ እስከ ዛሬ አይረጋም። የለወጠው አፌን ነው። ትልቋ ልጄ አራተኛ ክፍል ወድቃ ስትመጣ፣ «ያንቺ ጭንቅላት አይቀበልም፤ ይልቅ ዘንቢሉን ያዢ» ያልኳት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አልነበረም፤ እንደዚያ አስተማሪ አዝኜላት ነው። ዘንቢሉን ያዘች፣ እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ረሳሁት እማዬ» አለችኝ፤ ያለችው ግን ቶሎ ብላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ልጅ ሳይ፣ መጀመሪያ የሄደለትን ፈልጌ እነግረዋለሁ። ሁልጊዜ የሄደ ነገር አይጠፋም። ከዚያ ቁጭ ብለን የቀረውን እንፈልጋለን። አስተማሪ የሆናችሁ፣ ወላጅ የሆናችሁ፣ እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፣ ላስተምራችሁ አልችልም፤ ግን ማቆሚያውን ሳትነግሩት አላቆመም ብላችሁ ልጅ አትስደቡ።

ባለፈው ዓመት ምሕረት ልትጠይቀኝ መጣች። ሐዋሳ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን ሁሉ የምታዝዝ እሷ ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። የልጅ ልጆቼ ከበቡኝና እሷ ፊት ያንኑ ታሪክ አስተረኩኝ። «ሰኞ ፈተናዋን አለፈች» ብዬ ስጨርስ ሳቀች።

«ማን ነገረሽ፣ እትዬ?»

«አንቺ። ቆመልኝ አላልሽም?»

«እሱማ ቆመ። ከአምስት ጥያቄ አንዱ ነበር፤ አራቱ ጠፉብኝ። ወድቄ ነበር እኮ። ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ ከሀ እንድጀምር ተመዘገብኩ፤ አባቴም ያን አላወቀም።»